ውሃ የሚያቀጣጥለው ዱቄት

የፈረንጁ የሄርማን ሬሳ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር ተዘርግቷል። ፊቱና ደረቱ ከስሏል፤ ምድጃው ግን ትናንት እሳት አልነደደበትም።

«ቡዳዋ በላችው! ውሃዋ እሳት ሆነ!» ይላል ደጅ የቆመው ሰው።

እማሆይ አመተማርያም በደብረ ታቦር ዙሪያ ጠማማ ነገር በማቅናት የታወቁ መነኩሲት ናቸው። ዳኛው ልከውባቸው በማለዳ ደረሱ፤ ከበሩ ውጭ ውሃ የሞላ ጋን አዩ። ሸክላ ሠሪዋ ፈንታነሽ እጇ የኋሊት ታስሯል፤ አንገቷን ግን አልደፋችም።

«ምን አደረግሽ?»

«ትናንት ጭስ አይቼ በእንስራዬ ያለውን ውሃ ደፋሁበት፤ እሳቱ ባሰ። ሰው ላድን ነው የሮጥኩት፤ ይቅርታ አልጠይቅም!»

የሄርማን ረዳት ሙላቴ ከትናንት በስቲያ ማለዳ ሐሙሲት ገበያ ወርዶ ገና መመለሱ ነው።

«ጌታህ ምን ይሠራ ነበር?»

«ማግኒዥየም ከሚባል ብረት፣ አሞኒያ በሚሉት የሚከረፋ ትነት ነጭ ዱቄት ያወጣል። ዱቄቱ እርጥበት ከነካው ይነድዳል። ስለዚህ የሚያጥበው ኤተር በሚባል ከሩቅ የሚሸትና እሳት የሚይዘው ፈሳሽ ነው፤ ውሃ እዚህ ቤት አይገባም።»

«ጠላት ነበረው?»

«የባሩድ ቤቱ ሹም ደሳለኝ ዱቄቱን በመድፍ አረር ውስጥ ሙላ ብሎ አዘዘው። እሱም በአደባባይ ‹ለመግደል አልሠራም! ደግሞም ጠብታ ውሃ ካገኘው አረሩን የሞላውን ሰው ይፈጃል› አለው።»

ደሳለኝ ተጠየቀ።

«ሥራውን አላውቅም። ጩኸት ሰምቼ ሮጥኩ፤ አመድ በተንኩበት» አለ።

እማሆይ ጠረጴዛው ላይ ክፍቱን የቆመውን የኤተር ጠርሙስ አሸተቱ። ከዚያ ሁሉንም ሰበሰቡ።

«ኤተር እሳት ካየ ይነድዳል፤ ሽታውም ከሩቅ ይጣራል። ይህ ከእሳቱ አጠገብ ውሎ አልነደደም፤ አይሸትም። ውሃ ነው። ሟቹ ኤተር መስሎት ዱቄቱ ላይ አፈሰሰው።»

«ሙላቴ ቀይሮት ቢሆንስ?» አለ ደሳለኝ።

«ከትናንት በስቲያ ማታ ሸክላ ሳደርስለት ከዚያው ጠርሙስ እያፈሰሰ ዱቄቱን ሲያጥብ አይቻለሁ፤ ምንም አልሆነም» አለች ፈንታነሽ።

«ጠርሙሱ የተቀየረው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ሙላቴ ያኔ ሐሙሲት ነበር» አሉ እማሆይ። «ፈንታነሽ የዱቄቱን ጠባይ ብታውቅ ራሷ በቆመችበት ውሃ አትደፋም ነበር። አንቱ ግን ከበሩ ውጭ ውሃ የሞላ ጋን እያለ አልፈውት አመድ ፈለጉ። ሥራውን የማያውቅ ሰው እሳት በምን ያጠፋል?»



«በሰው ፊት እምቢ አለኝ!» ብሎ ደሳለኝ ጮኸ። «እኔን!»

የዳኛው ጭፍሮች ያዙት። የፈንታነሽ ገመድ ተፈታ። ከተሰበሰቡት የሰፈሩ ሽማግሌዎች አንዱ ጉሮሮውን ጠረገና «ቢሆንም ለሰፈሩ ሰላም ብትለቂ ይሻላል» አላት።

«አልለቅም። ነገም ሸክላዬን የምተኩሰው እዚሁ ነው።»

እንስራዋን አነሳችና በመካከላቸው አለፈች፤ የቆመው ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላት።