ብርድ የተሰማው ሰዓት

«ጉድ ፈላ! የዘገየው ሁለት ደቂቃ ሊሞላ ምንም አልቀረው!» አለ ታሆ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል።

ቦራም ስልኳን ወደ ስክሪኑ አስጠግታ ሁለቱን ሰዓቶች አነጻጸረች። እውነቱን ነው። የትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክበብ አሮጌ ኮምፒውተር የብርዱን ወራት እረፍት ሙሉ ተዘግቶ ከርሟል። ሲዘጋ ሰዓቱን የምትቆጥርለት በትንሽ ባትሪ የምትሠራ ኳርትዝ የሚባል ማዕድን ስባሪ ናት። እሷ ደግሞ በየቀኑ ጥቂት ትዘገያለች። ሁለቱ ጓደኛሞች ከእረፍቱ በፊት ይህንን ለወራት ለክተው፣ መዘግየቷን አስቀድሞ የሚተነብይ ፕሮግራም ጽፈዋል። ፕሮግራሙ የተነበየው ግን አርባ ሰከንድ ብቻ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ውጤቱን በትምህርት ቤቱ ሁሉ ፊት ሊያቀርቡ ነው።

«ሰዓቱን ትንሽ ወደ ፊት ልግፋውና እንገላገል» አለ ታሆ። «ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

«አታካብጂ ባክሽ! ልንዋረድ ነው እኮ።»

ቦራም ኮምፒውተሩ ላይ መዳፏን አሳርፋ ነበርና ብርዱ እስከ ክርኗ ዘለቀ። መስኮቱ ከውስጥ በኩል በረዶ ጋግሯል። ከተማቸው ቴቤክ ያለችው ተራራ ላይ ነው፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የክፍሉም ማሞቂያ ይዘጋል።

«ቆይ… ቆይ! የድሮዎቹን ልኬቶች ክፈታቸው።»

ታሆ እያጉረመረመ ከፈተ። ሰኞ ሰኞ ሰዓቱ፣ ለየቀኑ ተካፍሎም ቢሆን፣ ሁልጊዜ ትንሽ አብልጦ ዘግይቷል። ያኔ የራሳቸው የአለካክ ስህተት መስሏቸው ንቀው ትተውታል።

«ቅዳሜና እሑድ ማሞቂያ የለም» አለች፤ ድምፅዋ ሹክሹክታ ሆነ። «በርዷት ነው፣ ታሆ። ሲበርዳት ትዘገያለች።»

ሁለቱም ወደ ኮምፒውተሩ አዩ። ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ነገር፣ በጨለማ ሣጥን ውስጥ፣ በየሰከንዱ ከሠላሳ ሺህ ጊዜ በላይ እየተርገበገበች፣ ማንም ያልነበረበትን ክፍል ብርድ ስትቆጥር ከርማለች። የቦራም የክንድ ፀጉር ቆመ፤ በብርዱ ይሁን በሌላ ነገር አላወቀችም።

«ወይ ጉድ!» አለ ታሆ ቀስ ብሎ። ጣቶቹ ግን አሁንም ሰዓቱን ወደ ፊት ሊገፉ ኪቦርዱ ላይ ናቸው።

በሩ ተከፈተና መምህርት ናም ሻርፓቸውን አንገታቸው ላይ እንደጠቀለሉ ገቡ።

«እህስ ልጆች፣ ትንበያችሁ ያዘ?»

ታሆ ቦራምን አያት። ቦራም ኮምፒውተሩን ነካ አደረገች።

«አልያዘም፣ መምህር» አለች። «ግን እስቲ እጅዎን እዚህ ያሳርፉ።»

ታሆ እጁን ከኪቦርዱ አነሣና ለመምህርቷ ወንበር ሳበላቸው።