ድልድይ የማይሻገር ሥራ

የኮሪና ቤት አሜሪካ ውስጥ፣ ቬርሞንት በሚባል ክፍለ ግዛት፣ ከኮረብታ ሥር ተወሽቋል፤ መሥሪያ ቤቷ ኦሪገን፣ በአገሩ ሌላ ጫፍ ነው። የወረቀት ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላ ሁለት ዓመት ሥራ ፈትታ፣ በመጨረሻ ያገኘችው ይሄንኑ ነው፤ ቤቷ ቁጭ ብላ የማታውቃቸውን ሰዎች የኢንሹራንስ ማመልከቻ ታገላብጣለች።

መስከረም ላይ ኢንተርኔቱ ሲቆራረጥባት ኮምፒውተሯን ታቅፋ ከቤቷ በታች ያለውን የወንዝ ድልድይ ተሻገረች። ማዶ ኒው ሃምፕሸር ነው፤ ሌላ ክፍለ ግዛት። ለመንደሩ ሰው ግን ማዶ ማለት ዳቦ የሚገዛበት ነው።

እዚያ ያለውን ትንሽ ቤተ መጻሕፍት የሚጠብቀው ዌንደል የሚባል ዝምተኛ ሰው ነበር።

«እዚህ ማውራት ክልክል ነው» አላት ገና በመጀመሪያው ቀን።

«እኔ እኮ አላወራሁም።»

«አውቃለሁ። አንቺን ሳይ እኔ ማውራት ስላማረኝ ነው።»

በሁለተኛው ሳምንት ጠረጴዛዋን ወደ ማሞቂያው አስጠጋላት። ቀና ስትል ቀና ይላል፤ ከዚያ ሁለቱም የጠፋ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ያጎነብሳሉ። በስድስተኛው ሳምንት ዌንደል መጽሐፍ እየደረደረ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «ከእኔ ጋር ብትኖሪስ? ቤቴ ቅርብ ነው» አላት።

«ነገ እነግርሃለሁ» አለች። ፊቷ ግን አስቀድሞ ነግሮታል።

በነጋታው ከመሥሪያ ቤቷ የሠራተኞች አስተዳደር ጆሊን ደወለች።

«ኮሪናዬ፣ ኮምፒውተርሽ ኒው ሃምፕሸር ነኝ ይላል።»

«ወንዙን ተሻግሬ እኮ ነው! ቤቴ ከዚህ ይታያል።»

«ቢታይም ግብር ሰብሳቢው አይገባውም። ድርጅት ሠራተኛው በሚሠራበት ክፍለ ግዛት ሁሉ መመዝገብ አለበት፤ የእኛ ግን እዚያ አልተመዘገበም። አለቆቹ ለአንድ ሰው ብለው አያስመዘግቡም፤ ለምኛቸዋለሁ። ወይ ቬርሞንት ትቀመጫለሽ፣ ወይ...»

ጆሊን ደግ ሴት ናት፤ አልጨረሰችውም።

ኮሪና ዕቃዋን ሰብስባ ተመለሰች። ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ምን እንደሆነ ታውቃለች። ዌንደልን ማጣትን ደግሞ ልታስበው አልቻለችም። አራት ቀን ስልኩን አላነሳችለትም።

በአምስተኛው ቀን እሑድ ዌንደል በሯን አንኳኳ።

«ቸኩዬ ከሆነ የጠየቅኩሽን መልሼ እወስደዋለሁ» አለ፣ ኮፍያውን እያሻሸ።

«አትወስደውም!» ብላ ሁሉንም ነገረችው። «እዚያ ከኖርኩ ሥራዬን አጣለሁ። አንተም አባትህ የሠራውን ቤት ትተህ አትመጣ...»

ዌንደል ወደ ማዶ፣ ወደ ቤቱ ዞሮ አየ።

«የአንቺ ድርጅት የት እንደምትቀመጪ ይጠይቃል» አለ። «የእኔ ቤተ መጻሕፍት በሩን በሰዓቱ ከከፈትኩ የት እንዳደርኩ ጠይቆኝ አያውቅም።»

«ቤትህስ?»

«ተከራይ ይገባበታል። አንቺ የማትገቢበት ቤት ምን ያደርግልኛል?»

በማግሥቱ ሰኞ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ዝግ በሆነበት ቀን፣ ሁለት ካርቶን ተሸክሞ መጣ። ኮሪና በኮምፒውተሯ ስብሰባ ጀምራ ነበር፤ በእጇ ግባ አለችው። ካሜራው ከማያየው በኩል ወንበር ስቦ ተቀመጠና ከጠረጴዛው ሥር እጇን ያዘ።

በኋላ የኦሪገን ባልደረቦቿ እርስ በርሳቸው ተገርመዋል። ኮሪና በዚያ ስብሰባ ላይ የተጠየቀችውን ሁሉ እሺ ብላ ነበር።