የዴልፊን ቀይ ብስክሌት

ሆሊስ ከልብስ መቀየሪያው በር ሲወጣ አርሊን ያየችው ፊቱን አልነበረም። የቀኝ እጁ አውራ ጣት በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል። ብስክሌታቸውን ይዘው የተሰለፉት ልጆችም የሚያዩት እሱኑ ነበር።

በሮክ ላንዲንግ ከተማ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች ወደ ልምምድ ሜዳ የሚሄደው በልጆች ብስክሌት ነው። ብስክሌቱ የተመረጠለት ልጅ የተጫዋቹን ሄልሜት አቅፎ ከጎኑ ይሮጣል። አርሊን የወንድሟን አሮጌ ብስክሌት ይዛ ሦስት ዓመት ተሰልፋለች፤ ዞር ብሎ ያያት ግን የለም። የልብ ጓደኛዋ ዴልፊን፣ የሥጋ ሻጩ የሚስተር ላምበርት ልጅ፣ በአዲስ ቀይ ብስክሌት ብቅ ባለች በመጀመሪያው ቀን ተመረጠች። የመረጣት ደግሞ ሌላ ሰው ሳይሆን ኳስ ወርዋሪው ሆሊስ ራሱ ነው።

ከዚያ ወዲያ ዴልፊን ሌላ ወሬ የላትም። «ሆሊስ እንዲህ አለኝ፣ ሆሊስ እንዲያ አለኝ።» አርሊን ፈገግ ብላ ትሰማለች። ቀናች፤ ሌላ ስም የለውም። እራት አልበላ እስኪላት ድረስ ቀናች።

ያ መኸር፣ እ.ኤ.አ. የ1958ቱ፣ የወረቀት ፋብሪካው ከተማ ቡድን ወረቀተኞቹ ሰባት ጊዜ ተጫውተው ሰባቱንም የተሸነፉበት ነበር። «ስማቸውን መች አጡት፣ የውሃ ጠብታ ሲነካቸው ይበጣጠሳሉ» ይላል የፋብሪካው ሠራተኛ ሁሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ዴልፊን ጓንቷን ልታመጣ ቤት ስትገባ፣ አርሊን የወንድሟን መፍቻ ከኪሷ አወጣች። የቀዩን ብስክሌት መሪ የሚይዘውን ቡሎን ትንሽ አላላችው። መሪው ሲወዛወዝበት ሆሊስ «ይቺስ አልሆነችም» ብሎ ሌላ ይፈልጋል ብላ ነው። እሱ ግን ሳያስተውል ጋለበና መታጠፊያው ላይ ተፈጠፈጠ፤ አውራ ጣቱም ተጎዳ። በማግስቱ ወረቀተኞቹ ስምንተኛውን ጨዋታ አርባ አንድ ለዜሮ ተሸነፉ።

ሰኞ ከተማው ጥፋተኛውን አግኝቷል። ሚስተር ላምበርት ሱቅ የገባ ሁሉ «ለሆሊስ ጣት የሚሆን አጥንት አለህ ወይ?» ይላል። ትምህርት ቤት ዴልፊን ምሳዋን ብቻዋን በላች።

«ቡሎኑን ማጥበቅ ረስቼ ይሆናላ» አለቻት ለአርሊን፣ ዓይኗ አብጦ። አርሊን መፍቻው ያለበትን ኪሷን በእጇ ሸፈነች።

አሁን ሆሊስ ሰልፉን እያየ መጥቶ አርሊን ፊት ቆመ።

«ይቺ ትሻለኛለች። ቢያንስ ዝገቱ አጥብቆ ይይዛታል» አለና ሄልሜቱን ሰጣት።

ከጠበቀችው በላይ ይከብዳል። ሦስት ዓመት የተመኘችው ይኸው ክንዷ ላይ ነው፤ ደስታው ግን የት እንደገባ እንጃ።

«ያቺ ለፍላፊ ጓደኛሽስ?»

«አትመጣም። ሰዉ ያስሸነፈን የሷ ሳይክል ነው እያለ ነው።»

ሆሊስ ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ። «ከዚያ በፊት የነበሩትን ሰባቱንስ? ሰው ሰበብ አያጣም።»

ብስክሌቱን ሊነዳ ሲል አርሊን መሪውን ያዘችው።

«ሚስተር ሆሊስ፣ ቡሎኑን ያላላሁት እኔ ነኝ።»

«ለምን ብለሽ?»

«የኔን እንዲመርጡ።»

ፋሻውን አየ፤ እሷንም አየ። ሄልሜቱን ከእጇ ወሰደና በግራ እጁ መሪው ላይ አንጠልጥሎ፣ ብቻውን እየነዳ ሄደ። ከሰልፉ መሃል አንዱ አፏጨ።

አርሊን ወደ ሜዳው አልተከተለችውም። ድልድዩን በእግሯ ተሻግራ ሥጋ ቤቱ ደረሰች። ቅዳሜ ስለሆነ ሱቁ ጢም ብሏል፤ ስድስት ሰው ተሰልፏል። በመስኮቱ አየቻቸውና መመለስ አማራት። ሱቁ እስኪዘጋ ብትጠብቅ የሚሰማት ዴልፊን ብቻ ነበረች፤ ዴልፊንን የሚወቅሰው ከተማ ግን አይሰማም።

በሩን ገፍታ ገባች።

«ምን ልስጥሽ፣ ልጄ?» አሉ ሚስተር ላምበርት ቢላቸውን ሳያስቀምጡ።

መፍቻውን ከኪሷ አውጥታ ባንኮኒው ላይ፣ ከሚዛኑ አጠገብ አስቀመጠች።

«ዴልፊንን ይጥሩልኝ» አለች። የተሰለፉት ሰዎች ወሬያቸውን አቁመው ዞሩ። እስኪወጡ አልጠበቀችም።