ያልተነሳው ፍርግርግ

ሟቹ የተገኘው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ የከተማው የጎርፍ ቦይ ወንዙን ከመቀላቀሉ በፊት ቆሻሻ እንዲይዝ በተተከለው የብረት ፍርግርግ ላይ። ተገኘ ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ከቆሻሻ ተለቅሞ ወጣ። የውሃ ፕላስቲክ፣ ፌስታል፣ ያገለገለ ዳይፐር፣ የሞተ አይጥና የዶሮ አንጀት ተጠቅጥቀው የሰው ቁመት የሚያህል ግድግዳ ሠርተው ነበር። ሰውዬው መሃሉ ነበር። ትናንት ከሰዓት በኋላ የጣለው ዝናብ ከተማው ለወራት የወረወረውን ሁሉ ጠርጎ እዚያ አከማችቶታል። ሽታው ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

ሟቹ የማዘጋጃ ቤቱ የጽዳት ተቆጣጣሪ ነበር። በሄደበት ሁሉ ደንብ ስለሚጠቅስ «አቶ ደንብ» ይሉታል። ማጅራቱ ላይ የተመታበት ምልክት አለ። ግራ እግሩ ቦቲ ጫማ አጥልቋል፣ ቀኙ ባዶ ነው።

መርማሪዋ አጠር ያለች፣ ጸጉሯን ሽበት የወረሰው ሴት ናት። ሌሎቹ ፖሊሶች አፍንጫቸውን ይዘው ዞር ዞር ሲሉ እሷ ጎንበስ ብላ ቆሻሻውን አየች፤ ቀጥሎ ፍርግርጉን፣ ቀጥሎ ደግሞ ከፍርግርጉ ወዲያ ያለውን ወንዝ። ወንዙ ላይ አንድ ፌስታል እንኳ አይታይም።

የቦይ ክፍሉ ኃላፊ በመኪና ደረሰ። መሐረቡን አፍንጫው ላይ እንደያዘ፣ ሟቹ ሰሞኑን መጠጥ ማብዛቱን፣ ሰክሮ መውደቁም እንደማይቀር ነገራት።

የሟቹ ሚስት ይህን ሰማች። «ባሌ መጠጥ ቀምሶ አያውቅም» አለች። «እሱስ ሞተ፣ ምን ይደረግ። ልጄ ግን ነገ ትምህርት ቤት የሰካራም ልጅ ሊባል ነው? ይህን ብቻ አንሺልኝ እህቴ።»

መርማሪዋ ወደ ጥግ ወስዳ አነጋገረቻት። ሴትዮዋ ትናንት ባሏ ሲቆይባት አመሻሹ ላይ ለኃላፊው ደውላለች። እሱም ባሏ ጠጥቶ ወንዝ ዳር ሲንገዳገድ መታየቱን ነግሯት፣ ከድልድዩ በታች እንዲፈልጉት አዟል። እሷና ወንድሟ እስኪጨልም ወንዙን ተከትለው ፈለጉ።

«ከድልድዩ በታች? ቃሉ ይሄ ነው?»

«ይሄው ነው።»

ወንድሟ ቦዩ ዳር ጭማቂ ቤት አለው። የፍራፍሬ ልጣጩንና ኩባያውን ቦዩ ውስጥ ስለሚደፋ፣ አቶ ደንብ የሚስቱ ወንድም ነው ብሎ ሳይራራ ከሦስት ቀን በፊት ቤቱን አሽጎበታል። «እገልሃለሁ ብዬዋለሁ፣ አልዋሽም» አለ ፊቱ ቀልቶ። «አፌ ነው የተናገረው። ማታ ስፈልገው እግሬ ተልጦ ነው ያደረው።»

የጽዳት ሠራተኞቹ ካቦ ደግሞ እጁን የሚያሳርፍበት ጠፍቶት ነበር። መርማሪዋ ስለ ሟቹ አንድም ነገር አልጠየቀችውም።

«ዝናብ ሲመጣ ፍርግርጉን ምን ታደርጉታላችሁ?»

ካቦው መሬት መሬት አየ። ከዚያ ለሁለት ዓመት የያዘውን ተነፈሰ። ሰማዩ ሲጠቁር ኃላፊው ይደውላል፤ እነሱ በብረት ማንሻ ፍርግርጉን ያነሱታል። ቆሻሻው በጎርፍ ተሸፍኖ ወንዝ ይገባል። ዝናቡ ሲያባራ ያወርዱትና «ፍርግርጉ ንጹህ ነው» የሚል ሪፖርት ይጻፋል። ከታች ያለው ሰፈር በዚያ ውሃ ልብስ ያጥባል፣ ልጅ ያጥባል። ማዘጋጃ ቤት ማለት እንግዲህ ይሄ ነው፤ የራሱን ጉድፍ ጎረቤት ደጅ ደፍቶ እጁን የሚታጠብ።

«ትናንትስ ደወለ?»

ካቦው ድምፁን ዝቅ አድርጎ መለሰላት። እሷም ቦቲ ተውሳ ቦዩን ሽቅብ ተያያዘችው። ሦስት መቶ እርምጃ ያህል ሄዳ፣ በኃላፊው ቢሮ የጓሮ በር ሥር ካለው የብረት መሰላል ላይ የተሰነቀረ ነገር ነቅላ ተመለሰች።

እኩለ ቀን ላይ ሁሉንም ፍርግርጉ ዳር ሰበሰበቻቸው።

«እዚህ ሽታ ውስጥ?» አለ ኃላፊው።

«የሥራ ቦታዎ አይደል? ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ከሆዱ ጠብታ አልኮል አላገኘም፤ በቅድሚያ ይሄ ይታወቅ።» ከመሰላሉ የነቀለችውን የሟቹን የቀኝ እግር ቦቲ አሳየቻቸው። «ሰውዬው ቦዩ ውስጥ የገባው እዚህ አይደለም፤ ከላይ፣ ከእርስዎ ጓሮ ነው። በሩ ሁልጊዜ ቁልፍ ነው፣ ቁልፉም ከእርስዎ ኪስ አይወጣም። ስለዚህ ባለጭማቂው በዚያ ሊገባ አይችልም።»

«ካቦውም ቢሮዬ ይመጣል።»

«ይመጣል። ገዳዩ ግን ፍርግርጉ የተነሳ መስሎት ነበር። ጎርፉ ሬሳውን ወንዝ አስገብቶ ከድልድዩ በታች ይጥልልኛል ብሎ አስቧል። ካቦው ፍርግርጉ እንዳልተነሳ ያውቃል፤ እዚህ ተይዞ የሚቀር ሬሳ ምን ያደርግለታል?» ወደ ሚስቲቱ ዞረች። «ባልሽ ትናንት ጠዋት ቤት ምን አስቀመጠ?»

ሴትዮዋ በመርማሪዋ ትእዛዝ ከቤት ያመጣችውን በጋዜጣ የተጠቀለለ ብረት ከቦርሳዋ አወጣች። የፍርግርጉ ማንሻ ነበር።

«ካቦ፣ አሁን ጮክ ብለህ ንገራቸው።»

«አቶ ደንብ ማንሻውን በጠዋት ወሰደብኝ» አለ ካቦው። «ዛሬ አይነሳም፣ ነገ የምክር ቤት ሰዎች አምጥቼ ፍርግርጉ የሚይዘውን ቆሻሻ አሳያቸዋለሁ አለኝ። ሰማዩ ሲጠቁር ኃላፊው ደወሉ። ተነሳ ወይ አሉ። ተነስቷል ጌታዬ አልኳቸው። እሳቸውን አይሆንም ብዬ አላውቅም።»

መርማሪዋ ኃላፊውን አየችው። «ሰውዬው ቢሮዎ መጥቶ ነገ ጉድዎ እንደሚወጣ ነገረዎት። መትተው በጓሮ ከተቱት። ሚስቱ ስትደውል ግን ውሃ መግባቱን ማንም አያውቅም ነበር፤ እርስዎ ወንዝ፣ ያውም ከድልድዩ በታች አሉ። ሰው ቢጠፋብዎት መንገድ ላይ፣ ሐኪም ቤት ይፈልጋሉ። የጣለበትን የሚያውቅ ነው ወንዝ የሚለው።»

ኃላፊው መሐረቡን ከአፍንጫው አወረደ። ሽታው መታው መሰለኝ፣ ጎንበስ ብሎ አስመለሰ። «ለቆሻሻ ብሎ ነው ሊያዋርደኝ የነበረው» አለ አፉን እየጠረገ። እጁን አሰሩት።

ሚስቲቱ ማንሻውን ለካቦው ሰጠችው። የልጇ ከትምህርት ቤት መውጫ ሰዓት ደርሶ ስለነበር ከወንድሟ ጋር ሄደች።

ሠራተኞቹ መንሽና አካፋ ይዘው ወረዱ። ግማሹን እንኳ ሳያወጡ ሰማዩ ዳግም ጠቆረ፣ የካቦው ስልክም ጮኸ። የተወከለው አዲስ ኃላፊ ነበር።

«ፍርግርጉ ተነስቷል?»

ካቦው እጁ ላይ ያለውን ማንሻ አየ።

«አልተነሳም ጌታዬ» አለ። «ሰውና መኪና ይላኩልን።»