ያልተያዘው የዮሪት እጅ

እናቴ ትሙት፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ አንዲት የውሸት ቃል የለችም! የዚያ ቤት ሾርባ አብሳይ ሆኜ በዓይኔ ያየሁት ነው። ዝይዋን ጨምሮ።

ፍሪስላንድ በሚባለው የባሕር ዳር አውራጃ፣ ከቦዩ ዳር ባለው የሕክምና ቤታችን ሰዎች ሕልም የሚያሳየውን የእንጉዳይ ሻይ ጠጥተው፣ ዓይናቸውን ሸፍነው በቡድን ይጋደማሉ። ቪትስኬና ዮሪት አጃቢዎቻቸው ነበሩ፤ አጠገባቸው ተቀምጠው የፈራውን ያረጋጋሉ። አንዴ ጓሮ የተደፋውን ትራፊ የጠጣች ዝይ ሦስት ቀን ሙሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ለመጣው ሁሉ አንገቷን ስትነቀንቅ ሰነበተች። «ከእኔ የተሻለች አጃቢ!» አለ ዮሪት። ቪትስኬ ሳቀች፤ ልቧ ግን ከሳቋ ጋር አብሮ ወደ እሱ ሄደ። ትንፍሽ አላለችም።

አጃቢዎችም በዓመት አንዴ በተራቸው ይጠጣሉ። የዮሪት ቀን ሲደርስ ቪትስኬ፣ ጠጪው መነካት ይፈልግ እንደሆነ የሚሞላበትን ፎርም ይዛለት መጣች።

«ብታለቅስ እጅህን ልያዝልህ?»

«በዚያ እንደ ዓሣ በቀዘቀዘ እጅሽ? ተይኝ እባክሽ!»

«በኋላ እንዳትለምነኝ!»

«ዝይዋን እለምናለሁ!»

እየሳቀ «አልነካም» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። ሳይጠጡ የተፈረመ፣ ከጠጡ በኋላ አይሻርም። ይህን ደንብ ለእንግዶች ሲያስረዳ የኖረው ራሱ ዮሪት ነው።

እኩለ ቀን ላይ፣ ከተጋደሙት መካከል እጁን ወደ ላይ ዘረጋ።

«ቪትስኬ... እጅሽን።»

እሷ እጆቿን ከጭኖቿ ሥር ከትታ ተቀመጠችባቸው። «አጠገብህ ነኝ፣ ዮሪት።»

እጁ አየር ላይ ቆየ፣ ቆየና ወረደ።

አመሻሽ ላይ ሻዩ ለቀቀው። የአተር ሾርባዬን ሁለት ማንኪያ ቀመሰና፣ «ከባሕሩ ማዶ ባለችው ደሴት ላይ ሥራ ሰጥተውኛል። ነገ መሄዴ ነው፤ የሚያስቀረኝ ከሌለ» አላት።

«ደንቡን ነው የጠበቅሁት።»

«አውቃለሁ። ብትይዢኝ ኖሮ እኔው እከስሽ ነበር።» መዳፉን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «አሁን ግን ደንብ የለም።»

ቪትስኬ መዳፉን አየችው። ከዚያ ተነስታ ኩባያዎቹን መሰብሰብ ጀመረች። ስንቱን ፈሪ ያረጋጋች ሴት፣ የራሷን ፍርሃት የሚያረጋጋላት ሰው ፊቷ ተቀምጦ ሳለ ኩባያ አጠበች።

በማግስቱ ጀልባው ሲነሳ ወደቡ ላይ ቆማ እጇን አነሳች። ዮሪትም ዞሮ አያት፤ ረጅም ጊዜ።

እሺ... አንዷን ፈጥሬያታለሁ። ዝይዋ እውነት ናት። ዮሪት ግን አልዞረም። ቪትስኬ ዓይኗ በእንባ ስለተሞላ አላየችም፤ አጠገቧ የቆምሁት እኔ ነኝ ያየሁት።

ዛሬም ድረስ ኩባያ ስናጥብ፣ «ዞሮ አይቶኛል፣ አይደል?» ትለኛለች።

«አይቶሻል» እላታለሁ።