የሾፌሩ አፍንጫ

መንገዱ አለቀ። ሾፌሩ የጭነት መኪናውን አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር አቁሞ ሞተሩን አጠፋና ተራራውን ቀና ብሎ አየው። ታችኛው ግማሽ ድፍን ጫካ፣ ከዚያ በላይ ድንጋይ፣ አናቱ ላይ ደመና። ጉድ ፈላ!

«እማማ፣ ጦስኝ እኮ ገበያ ላይ ሞልቷል» አለ።

«የገበያው ምን እንዳደረገን አይተሃል» አሉት አማቱ፤ የጨርቅ ቦርሳቸውን አንገታቸው ላይ አጥልቀው ቀድመውት ወረዱ።

አይቷል እንጂ! ትንሿ ልጁን ሳል ይዟት ከርሟል። ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ «ሳንባዋ ንጹሕ ነው፤ ትኩስ ነገር እየሰጣችሁ ታገሡ» ብሎ ሸኛቸው። ትኩስ ነገር ከተባለ ደግሞ በዚያ ቤት ሥልጣኑ የአማት ነው፤ ለጉንፋኑ ዝንጅብል፣ ለጉሮሮው ሎሚ፣ ለሳሉ ጦስኝ በማር። ዕድሜ ልካቸውን አፍልተው ተመስግነዋል። ባለፈው ሳምንት ግን ልጅቷ አንድ ጊዜ ተጎነጨችና እዚያው አያቷ ቀሚስ ላይ መለሰችው። ቅጠሉ ጦስኝ መሳይ ሌላ መራራ ነገር ኖሯል። የሾፌሩ ሚስት ደሟ ፈላ። «እማዬ፣ ሁለተኛ ምድጃው ጋ እንዳትደርሺ!» አለቻቸው። ኋላ ፊታቸው ሲጠቁር አይታ ትንሽ ራራች። «እሺ፣ አንድ ዕድል። ትክክለኛውን ካመጣሽ ታፈያለሽ፤ ካልሆነ በቃ፣ ከሐኪም ቤት ሌላ የለም።» «እንግዲያው ባልሽ አብሮኝ ይሂድ» አሉ አማቱ። እሱም ሸክም ሊሸከም መጣ።

ጫካውን ገቡ። እሾሁ ሱሪውን ይዞ ይጎትታል፣ ሥሩ ይጠልፈዋል፤ አማቱ በመቋሚያቸው ቅርንጫፉን እየገፉ ይነጉዳሉ። ከዛፎቹ በላይ ብቅ ከማለታቸው ሰማዩ ተቀደደ። በረዶው አናታቸውን ይወቅጥ ጀመር። ሾፌሩ ጃኬቱን አውልቆ በሁለቱም ራስ ላይ ዘረጋና ተጣብቀው ከአንድ ገደል ሥር ተወሸቁ።

«እንመለስ?» አለ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ።

«ድንቄም ወንድ! መኪና ውስጥ ተቀምጦ ጀግና መሆን ቀላል ነው።»

በረዶው እንዳባራ ወጡ። መሬቱ ያዳልጣል፤ ሾፌሩ ሁለት ጊዜ በመቀመጫው ተንሸራተተ። መተላለፊያው በጥሻ መሃል የሚጠብበት ቦታ ላይ ግን ድንገት ቆመ።

«እማማ፣ ቆይ። የሆነ ነገር ሸተተኝ።»

«ምን ዓይነት?»

«የረጠበ ፀጉር፣ ጭቃ... ከብት አይደለም። ከፊታችን ነው።»

አማቱ እንግዳ በሆነ ዓይን አዩት። ክንዱን ይዘው ወደ አንድ ትልቅ ቋጥኝ ጎተቱት። ገና እግራቸው ድንጋዩን ከመርገጡ ጥሻው ተተረተረና አንዲት ከርከሮ ግልገሎቿን አስከትላ ወጣች። ሰው ስታይ አንገቷን ደፍታ ተወረወረች። ሾፌሩ እግሬ አውጪኝ ብሎ ቋጥኙ ላይ ሲንጠላጠል አማቱ ቀድመውት አናቱ ላይ ጉብ ብለዋል።

«ጉልበቴን አመመኝ ሲሉ አልነበር የከረሙት?»

«ዝም በል፣ ትሰማሃለች!»

ከርከሮዋ ድንጋዩን ስትዞር፣ ስታንኮራፋ ቆይታ ልጆቿን ሰብስባ ሄደች። ሁለቱ ተያዩና ሳቅ አፈናቸው። ካገባ ጀምሮ ከአማቱ ጋር እንዲህ ስቆ አያውቅም።

ጫፉ ላይ ሲደርሱ ፀሐይ ወጥታለች። ወገቡ ድረስ የተቆፈረ ገመገም ጠበቃቸው፤ አፈሩ ተገላብጦ ቀይ ሆኗል። ያልተነካው አንድ ጥግ ብቻ ነው። እዚያ ሁለት ዓይነት ቅጠል ተደባልቆ በቅሏል፤ ሁለቱም ደቃቅ፣ ሁለቱም መሬት ለመሬት የሚሄዱ። አማቱ ጎንበስ ብለው ከሁለቱም ቀነጠቡ። አንዱን ወደ አፍንጫቸው ወሰዱና መልሰው አወረዱት።

«እንካ፣ አሽትተው።»

«እርስዎ እያሉ?»

«አፍንጫዬ ሞቷል» አሉ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሱ። «ከዚያ ከከባዱ ጉንፋን ወዲህ ምንም አይሸተኝም። ለዚህ ነው በገበያው የተሸወድኩት። ለልጄ አልነገርኳትም፤ ከነገርኳትማ ምን ቀረኝ? ሸክም ልትሸከም የመጣህ መስሎህ ነው? አንተ ገና ደጅ ሆነህ ሽንኩርቱ አረረ የምትል ሰውዬ ነህ። ያመጣሁህ ለአፍንጫህ ነው።»

ሾፌሩ ክው አለ። ቅጠሎቹን ተቀብሎ አሻሸና አሸተተ፤ ደግሞ አሸተተ።

«ሁለቱም አይደሉም እማማ። የእርስዎ ጦስኝ ሞቅ ያለ፣ ጣፈጥ ያለ ነገር አለው።»

አማቱ ጭናቸውን መቱ። «አይ አንተ! እሱ እኮ ቅርንፉዱ ነው! እኔ ነኝ የምጨምረው!»

እውነት ነው፤ በዚያ ቤት ሲኖር ጦስኝን ያለ ቅርንፉድ አንድም ቀን በድስት አሽትቶ አያውቅም። «ያለ ቅርንፉድ የት ታውቀዋለህ? አስብ እንጂ!» አሉት። ዓይኑን ጨፈነ። አምና ልጅቷ ስታስል አያቷ ደረቁን ቅጠል በጨርቅ ቋጥረው ከራስጌዋ አድርገውላት ነበር። ለጉዞ ሲነሣ ጎንበስ ብሎ ሲስማት ያ ሽታ አፍንጫውን ይሞላው ነበር። ቅጠሎቹን እንደገና ወደ አፍንጫው አስጠጋ።

«ይሄ! ይሄኛው ነው፤ የልጄ ትራስ!»

«እሰይ የኔ ልጅ!»

ይህን ጊዜ ከገመገሙ ሥር ሁለት ሰዎች ዶማ ይዘው እየሮጡ መጡ፤ ጆንያቸው ጀርባቸው ላይ ተቆልሏል።

«ቦታው የኛ ነው! አንድ ቅጠል ብትነኩ ወየውላችሁ!» ብሎ ትልቁ ዶማውን አነሣ።

ሾፌሩ አማቱን ከኋላው አደረገ። ልቡ ይደልቃል፤ አፍንጫው ግን ሥራውን አላቆመም። «ወንድሜ፣ ግማሹ ጆንያህ መራራው ነው» አለ።

«ምን አባክ ታውቃለህ?»

«አኝከውና እየው።»

ሰውዬው እያጉረመረመ ከጆንያው ዘገነና አኘከ። ፊቱ ተጨማደደ፤ እንትፍ፣ እንትፍ አለ። አማቱ ከሾፌሩ ጀርባ ዘለው ወጡ።

«ለካ ለገበያው የምትሸጡት እናንተ ናችሁ! የልጅ ልጄን ያስመለሳችኋት እናንተ ናችሁ! ከሥሩ እየነቀላችሁ ያገኛችሁትን ሁሉ ስትከቱ!»

ዶማው ወረደ። «አላወቅንም እናቴ» አለ ታናሹ አንገቱን ደፍቶ። ሾፌሩ ጆንያዎቹን ዘረገፈና እየዘገነ፣ እያሸተተ ለየላቸው። እነሱም በለሆሳስ አመስግነው ጥጉን ለቀቁላቸው። አማቱ መቀሳቸውን አውጥተው ከላይ ከላዩ ብቻ ቆረጡ። «ሥሩን ተዉት፤ ከርሞም እንመጣለን» አሏቸው። ትልቁ ሰውዬ ዶማውን መሬት አስቀመጠ።

አመሻሽ ላይ ቤት ሲደርሱ ሚስቱ በር ላይ ነበረች። ጭቃቸውን አይታ አፏን ያዘች። አማቱ ድስቱን ጣዱ፣ ቅጠሉን ጨመሩ፤ ውሃው ሲንተከተክ ግን ወደ ሾፌሩ ዞሩ። እሱም ጎንበስ ብሎ አሸተተና «ቅርንፉድ ይቀረዋል» አለ።

«እማዬ፣ እሱን የምትጠይቂው ለምንድን ነው?» አለች ሚስቱ።

እናት የአፍንጫቸውን ነገር ነገሯት። ልጅ ተናዳ ሳይሆን አልቅሳ አቀፈቻቸው። «ይህን ተሸክመሽ ነው ዝም ያልሽው? እኔ ደግሞ ምድጃውን ከለከልኩሽ!»

ትንሿ ልጅ ጠጣች። ማር አነሰው ብላ ተነጫነጨች፤ ተጨመረላት፤ ጨረሰችው። አንዴ አሳለችና እንቅልፍ ወሰዳት። ቤቱ ጭጭ አለ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ድስት ሲጣድ ሾፌሩ ይጠራል። የሚጠራው ለመለየት ብቻ አይደለም። አማቱ በርጩማቸው ላይ ቁጭ ብለው «እስቲ ንገረኝ፣ ምን ይሸታል?» ይሉታል። በፊት «ጥሩ ነው» ብሎ የሚያልፍ ሰውዬ አሁን ጊዜ ይወስዳል።

«በረዶ የመታው ድንጋይ፣ ፀሐይ ስታርፍበት» ይላቸዋል። «ቀጥሎ የልጄ ትራስ። ከዚያ የእርስዎ ቅርንፉድ።»

አማቱ ዓይናቸውን ጨፍነው በረጅሙ ይተነፍሳሉ። «አዎ» ይላሉ፣ «እሱ ነው።»