ያልተደፋው ቦቲ

«ጮኸሽ ነበር?» አሉኝ። ሽማግሌዎቹ ከአጥራችን ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ እኔ ቆሜያለሁ። አልጮህኩም አልኳቸው። እንግዲያው ወደሽ ነው አሉና አባቴን ከደፈረኝ ሰው ጋር በአንድ በግ አስታርቀው፣ መርቀው ተነሱ።

አገሬ ደጎሎ አጠገብ ነው። ሰውየው ቢተው ይባላል፤ ዛሬም ደጎሎ ገበያ ዳር እህል ይነግዳል፣ አይሱዙ አለው። እኔ በዚያው ሰሞን ከቤት ወጥቼ መካነ ሰላም ገባሁ። አላገባሁም፣ አልወለድኩም። ያቺ ጥያቄ ግን አብራኝ ኖራ አብራኝ አርጅታለች።

ይህን የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለየትምወርቅ። እኔ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ሴቶችን የምፈትሽ ጥበቃ ነኝ። እሷ የሥርዓተ ፆታ ክፍል ኃላፊ ነበረች፤ ሴት ተማሪ በደል ሲደርስባት አቤት የምትለው እሷ ዘንድ ነው። ከሩቅ አገር መጥታ እንደኔው ብቻዋን ትኖር ስለነበር ሥራ ሲያልቅ አብረን ወደ ከተማ እንወርዳለን። ብዙም አናወራም። አንድ ቀን መንገድ ላይ ነገርኳት። ቆም አለች።

«እሱንስ? ፈቃዷን ጠይቀሃት ነበር ወይ ያለው ሰው የለም?»

የለም አልኳት።

በሐምሌ አንድ ጠዋት የትምወርቅ ሞታ ተገኘች።

ከአስተዳደር ሕንጻው ጀርባ መሬቱ ገደል ነው። እዚያ ታች፣ ቋጥኝ መሀል በግንባሯ ተደፍታ ነበር። ዝናቡ ከመሸ ጀምሮ ሲጥል አድሮ ያባራው ጎህ ሲቀድ ስለሆነ ልብሷ ተጨምቆ አያልቅም። ሰው ሁሉ ራሷን ጥላ ነው አለ። ብቻዋን የምትኖር ሴት ስለሆነች እንዲህ ለማለት ቀለላቸው።

ከደሴ ኢንስፔክተር ጠይባ መጣች። ቀጭን ናት፤ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ታስራለች፣ ስትናገር ድምጿን አታነሳም። ግቢውን አላውቀውም ብላ እኔን መሪ አድርጋ ያዘችኝ። ሬሳው ሲነሳ ከሥሩ የነበረውን መሬት በመዳፏ ዳበሰችው። ደረቅ ነው። ቀጥላ እግሯን አየች። የትምወርቅ ነጭ ካልሲ ብቻ ነው ያደረገችው።

«ይህ የናንተ ጥቁር ጭቃ አንዴ ክር ውስጥ ከገባ በዝናብ ይለቃል?» አለችኝ።

«በሳሙናም አይለቅ።»

«እኮ። ካልሲዋ ነጭ ነው። ጫማዋ የት አለ?»

እኛ ዘንድ በክረምት ያለ ቦቲ፣ ያለ ረጅም የላስቲክ ጫማ፣ አይሄድም። ሁሉም በር ላይ ያወልቅና በካልሲው ወደ ቢሮ ይገባል። የምድር ቤቱ በር መጠለያ ስለሌለው፣ ውሃ እንዳይሞላበት ሁሉም ቦቲውን አፉን ወደ ታች ደፍቶ ነው የሚተወው። እዚያው ሕንጻ ምድር ቤት ወዳለው የየትምወርቅ ቢሮ ወሰድኳት። ቦቲዎቿ በሩ ላይ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ከጎናቸው አንድ ሰው ረስቶ የተዋቸው ቦቲዎች ተደፍተዋል። ጠይባ የተደፉትን አነሳች፤ ሥራቸው ያለው ሲሚንቶ ደረቅ ነው። የየትምወርቅን አነሳች፤ ሲሚንቶው ርሷል። እጇን ወደ ውስጥ ከተተች። ውስጡ ደረቅ ነው። እኔ ምን እንዳየች አልገባኝም።

ግቢው ውስጥ የነበረው ነገር አንድ ነው። ፈርሂያ የምትባል ተማሪ፣ መምህሬ ደሳለው ቢሮው ቆልፎብኝ በግድ ደፈረኝ ብላ ከሳለች። የትምወርቅ ሞታ በተገኘችበት ጠዋት ይዛት ፖሊስ ዘንድ ልትሄድ ነበር። የትምወርቅ ራሷን ገደለች ከተባለ የፈርሂያም ክስ አብሮ ይቀበራል፤ ሌላ የሚይዘው የለም።

ደሳለው ግን እሷ የሞተች ዕለት ሌላ ከተማ፣ አጅባር፣ ለቅሶ ላይ ነበር፤ ለቀስተኛው ሁሉ አይቶታል። ጠይባ ስትደውልለት ፈርሂያ ቢሮዬን ረግጣ አታውቅም አላት፤ ከዚህ ንቅንቅ አላለም።

የፈርሂያ ወንድም አህመዲን ከሳውዲ የተመለሰ ጎልማሳ ነው። በዚያው በሞተችበት ዕለት ጠዋት በር ላይ የትምወርቅን ስማችንን ገበያ አወጣሽው ብሎ ሲጮህባት እኔው ነኝ የገላገልኩ። ጠይባ ስትጠይቀው አንገቱን ደፋ። ሲመሽ መስጊድ እንደነበር፣ ከዚያም ዝናቡ ይዞት እዚያው እንዳመሸ ነገራት።

«ተናድጄ ነው እንጂ ወሏሂ አልነካኋትም። እህቴ እንደሆን ጮኻለች፣ ታግላለች። ምኗ ያሳፍረኛል?» አለ።

የደሳለው አለቃ፣ ዲኑ ዶክተር አስናቀው፣ ቢሮው በዚያው ሕንጻ ፎቅ ላይ ነው። ምንጣፍ ስላለው እዚያ የሚገባ ሰው ቦቲውን ከላይ፣ ኮሪደሩ ውስጥ ያወልቃል። ወንበር ሰጠን፣ አክብሮ አነጋገረን። የትምወርቅን ያየኋት ትናንት ጠዋት ነው፣ ከዚያ አላገኘኋትም፤ ቀኑን ሙሉ ኔትወርክ ስላልነበረ በስልክም አልተገናኘንም አለ። ከደሳለውም ጋር ክሱ ከመጣ ወዲህ፣ ለማንም እንዳላደላ ብዬ ቃል አልተለዋወጥኩም አለ። ከዚያ ተነፈሰ።

«የትምወርቅ ነፍሷን ይማረውና ቸኩላ ነበር። ልጅቱ ራሷ እሺ፣ እሺ ስትለው ቆይታ ኋላ ጮኼያለሁ ትላለች። በዚህ የሰው ኑሮ ይፈርሳል?»

ጠይባ ተነስታ ከቢሮው ጀርባ ያለውን በረንዳ ከፈተች። ብረቱን ደገፍ ብላ ቁልቁል አየች።

«ነፋሻ ቦታ ነው ያለዎት» አለችው።

ፈርሂያን ያገኘናት መኝታ ክፍሏ ነው። አብረዋት የሚያድሩት ልጆች ክሱ ከተሰማ ወዲህ ሌላ ክፍል ለምነው ሄደዋል፤ ከባዶዎቹ አልጋዎች መሀል ብርድ ልብሷን ተከናንባ ተቀምጣለች። ጠይባ አብሽሪ፣ አይዞሽ አለቻት። ልጅቱ ግን የምታየው እኔን ነው። አጠገቧ ሄጄ ስቀመጥ ነው አፏን የፈታችው።

«ለወንድሜም ክሱን ለሰማው ኮሚቴም ጮኼያለሁ ነው ያልኩት። ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ያንን ነው። አልጮህኩም ብል ማን ያምነኛል?»

«እውነቱስ?» አለች ጠይባ።

«እሺ ነው ያልኩት። ቁልፉን ሲያዞረው እሺ ነገ እመጣለሁ አልኩት። ሲይዘኝም እሺ መምህር፣ እሺ በቃ አልኩ። እንዲለቀኝ ነው። ወደ በሩ እየሄድኩ ነበር እኮ።»

ከትከሻዋ የወረደውን ብርድ ልብስ መለስኩላት።

«ይህን ለማን ነገርሽ?» አለቻት ጠይባ።

«ለየትምወርቅ ብቻ። ትናንት ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ። ይህንኑ እውነቱን እንናገራለን፣ አትፍሪ አለችኝ። ከዚያ ወደ ሕንጻው ተመልሳ ገባች። ሲመሽ መዝነብ ጀመረ።»

በማግስቱ ጠይባ ሁሉንም መሰብሰቢያ አዳራሹ ውስጥ አስቀመጠች። ዲኑ ፊት ለፊት ነው። ደሳለው ከአጅባር ተጠርቶ መጥቷል። አህመዲን ከእህቱ ራቅ ብሎ ተቀመጠ፤ እኔ አጠገቧ ነኝ።

«የትምወርቅ በእግሯ ወደ ገደሉ አልሄደችም» ብላ ጀመረች። «ካልሲዋ ጭቃ አልነካውም፤ ስለዚህ ከላይ ነው የወደቀችው። ከሥሯ ያለው መሬት ደረቅ ነበር፤ ስለዚህ ዝናቡ ሳይጀምር ነው የሞተችው። አሁን ቦቲዋን እንይ። ቢሮዋ በር ላይ ቆሞ ነበር፣ ሳይደፋ። ሌሊቱን እንዲያ ቆሞ ቢያድር ውሃ ይሞላው ነበር። ተደፍቶ አድሮ ጠዋት ሰው አቅንቶት ቢሆን፣ ሥሩ ያለው ሲሚንቶ እንደ ጎረቤቱ ደረቅ ይሆን ነበር። ውስጡ ደረቅ፣ ሥሩ እርጥብ ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ አድሮ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ እሷ ሞታ ሳለ ሰው አምጥቶ ያቆመው ነው። ቦቲ ከቤት ውስጥ የሚወልቀው የት ነው? በረንዳውስ ገደሉ ላይ ያለው የማን ነው?»

ዲኑ ሳቅ ለማለት ሞከረ። ፎቁ ላይ ማንም ይወጣል አለ።

«ልክ ነው። መምህር ደሳለው፣ ስለ ፈርሂያ ለዶክተር የነገሩት ነገር አለ?»

«ምኑን? ቢሮዬ ገብታ አታውቅም አልኩሽ እኮ።»

«ዶክተር፣ እርስዎም ከሱ ጋር አልተነጋገሩም፤ ነግረውኛል። ልጅቱ ለወንድሟም ለኮሚቴውም ያለችው ጮህኩ ነው። እሺ ማለቷን የነገረችው ለአንድ ሰው፣ ያን ቀን ከአስር ሶላት በኋላ ነው። ያቺ ሰው መሸትሸት ሲል ሞተች። ጠዋት ነው ያየኋት ያሉኝ እርስዎ፣ እሺን ከማን ሰሙ?»

ደሳለው ወደ ዲኑ ዞር ብሎ አየው።

«ደግሞም» አለች ጠይባ፣ «እሺ ማለቷን እንደ ማስረጃ ነው የያዙት። እምቢ ቢሉት የማይከፈት በር ጋ የተባለ እሺ መስማማት አይባልም። የትምወርቅም ይህን ሳትነግርዎት አልቀረችም።»

ዲኑ በመጨረሻ አመነ። ከፈርሂያ በፊት ሌሎችም ልጆች ወደሱ መጥተው እንደነበር፣ ጮኻችሁ ወይ እያለ እንደመለሳቸው፣ የትምወርቅ ይህንንም ለፖሊስ እናገራለሁ ብላ በረንዳው ላይ እንደተከራከሩ ተናገረ። ልትሄድ ስትል እጇን ያዛት። ልቀቀኝ አለችው። ታገሉ።

«ልገፋት አላሰብኩም» አለ።

«ጮኸች?» አለችው ጠይባ።

«አልጮኸችም።»

ፈርሂያ እጄን ያዘችው። አህመዲን ተነስቶ መጣና በወዲያኛው በኩል ከእህቱ ጎን ተቀመጠ። ደሳለው ሹልክ ሊል ሲነሳ በሩ ላይ የቆመ ፖሊስ ትከሻውን ነካ አደረገው፤ የሱ ጉዳይ ገና ነበር። ፈርሂያ በዚያው ዕለት ቃሏን ስትሰጥ እሺ ማለቷንም አልደበቀችም።

ከዚያ በኋላ ሥራ ሲያልቅ ብቻዬን ነው የምወርደው። የትምወርቅ ያን ቀን ቆም ያለችበት ቦታ ስደርስ እኔም ቆም እላለሁ።

ቅዳሜ ሚኒባስ ይዤ ደጎሎ ወረድኩ። ገበያው ደርቷል። የቢተው አይሱዙ ገብስ ሲጫንበት አይቼ አለፍኩና ፖሊስ ጣቢያ ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ልጅ እናቴ ይቀመጡ አለኝ። ነገርኩት። ሲሰማኝ ቆይቶ፣ ጊዜው በጣም አልፏል፣ ከፍርድ ቤት ላይደርስ ይችላል አለኝ፤ በክፋት አልነበረም። ይሁን፣ አንተ ጻፍ አልኩት። እስክሪብቶውን አነሳ።

«ያኔ ጮኸው ነበር?»

«አልጮህኩም» አልኩት። «እሱም አልጠየቀኝም። ሁለቱንም ጻፍ።»

ሁለቱንም እስኪጽፍ ከወንበሬ አልተነሳሁም።